የጥርስ ሠሪው ባንድ

ጥርስ ሠሪው አንዱን ጉንጩን ተላጭቶ ሁለተኛውን አረፋ ቀብቶ ሳለ፣ ታላቅ እህቱ ከግድግዳው ማዶ ስለ ጠረጴዛው ስትወስን ሰማ። "ዛሬ ይወጣል" አለች። "ፍሪጁ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ የሚቆምበት ሌላ ማዕዘን የለም። ሠላሳ ስምንት ሺህ ያወጣሁበትን ዕቃ በረንዳ ላይ ዝናብ ሊመታው ነው? ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው አሻንጉሊት ይዞ ሲቀመጥ ማየት እኔን ያሳፍረኛል። አንቺስ አይሰለችሽም? ይሰለችሻል እንጂ።" ጥርስ ሠሪው የሚስቱን መልስ ለመስማት ምላጩን ከጉንጩ አነሣ። ውሃ ሲቀዳ፣ ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ ወንበር ሲሳብ ብቻ ተሰማ። አረፋውን በፎጣ ጠረገና ወጣ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር እንደ ሁልጊዜው ቆሟል። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ነው። ላዩ ላይ፣ ከአሻንጉሊቶቹ ፊት፣ ሁለት አንድ ዓይነት ነጭ የፕላስቲክ ሣጥኖች ነበሩ። አንዱን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ሚስቱ ጉንጩን አየችና ልትናገር አፏን ከፈተች። እህቱ ግን ቀደመቻት፦ "ስድስት ሰዓት ላይ እንዳትመጣ፣ ብታይ ታዝናለህ።" ሚስቱ አፏን መልሳ ዘጋች። እሱም ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ።

አውቶቡስ ላይ ሰዎች ያዩትና ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዲት ሴት ፈገግ አለችለት፤ እሱም በትህትና ፈገግ አለላት፤ እሷ ጭራሽ በሳቅ ተንፈቅፍቃ ሻርፕዋ ውስጥ ተደበቀች። ዛሬ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል ማለት ነው ሲል አሰበ። እሱን ግን ደስ አላለውም፤ ሐሳቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ መንጋጋ ጥርሱን በገዛ ንክሻው ሰብሮ ነበር። ለሰው ጥርስ እየሠራ የራሱን መስበሩ ለክሊኒኩ ሰዎች የሁለት ሳምንት መሳቂያ ሆነ። የሄደበት ሐኪም የደም ግፊቱን ለካ፣ አንገቱን ዳሰሰ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀውን ትከሻውን ጫን ጫን አደረገና መድኃኒት ከመጻፉ በፊት እንዲህ አለው፦ "እጅህ የሚሠራው፣ ግን ማንም የማይጠብቀው ነገር ፈልግ።" ጥርስ ሠሪው የሚያውቀው ሰም ማቅለጥ፣ ጀሶ ማቡካትና ድድ የሚሠሩበትን ሮዝ ፕላስቲክ መቅረጽ ብቻ ነው። በትርፍራፊው አንድ ጥሩምባ ነፊ ሠራ። አውራ ጣት የሚያክል፣ ራሱ ከገላው የሚበልጥ፣ ጉንጩ የተነፋ ሰውዬ። ሲጨርሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥርሱን አለመንከሱን ልብ አለ። በማግሥቱ ለጥሩምባ ነፊው ጓደኛ ሠራለት።

አሁን ባንዱ አሥራ ዘጠኝ ሆኗል። እያንዳንዱ ሙዚቀኛ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ጥርስ ሠሪው ደግሞ ሰውን የሚያውቀው በአፉ ነው። የፊት ጥርሱ የተሸረፈው ሾፌር ክራር ይመታል። የወተት ጥርስ የመሰለ ጥርስ ያላት የባንክ ሠራተኛ ዋሽንት ትነፋለች። ታላቅ እህቱም አለች፤ ከኋላ በኩል፣ ከራሷ የሚበልጥ ከበሮ ፊት፣ ሁለት እጇን አንሥታ። ሚስቱ ብቻ የለችም። ሦስት ጊዜ ጀምሯት ሦስት ጊዜ መልሶ አቅልጧታል። የአፏ ነገር አልመጣለት አለ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ በሙሉ አፏ ስትስቅ አላያትም፤ ሳቅ ሲመጣባት በእጇ ትሸፍነዋለች። አሥራ ዘጠነኛውን፣ ዘፋኙን፣ ትናንት ነው የጨረሰው። ለዘፋኙ የሰጠው አፍ ደግሞ በከተማው ውስጥ ለዘፈን እጅግ የማይታሰበው አፍ ነበር፦ የጡረተኛው ዳኛ። ዳኛው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲፈርዱ አንድም ቀን ፈገግ አላሉም ይባላል። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱን ሙሉ ጥርሳቸውን ሊወስዱ ቀጠሮ አላቸው። ትናንት የክሊኒኩ ማለስለሻ ሞተር ስለተቃጠለ፣ ጥርስ ሠሪው ጥርሱን ቤቱ ወስዶ በእጁ አለስልሶት ነበር።

ክሊኒኩ እንደ ደረሰ ነጭ ጋውኑን ለበሰ። ሲስተር አይታው ቆመች። "ጋሼ፣ ጉንጭዎ—" ብላ ጀመረች። "ጥርሱስ!" አለ ዶክተሩ ከውስጥ። ዶክተሩ ሰላምታ የሚያጥረው፣ ጩኸት የሚተርፈው ሰው ነበር። ሲስተር ሣጥኑን ተቀብላ ሮጠች። በጥርስ ሠሪው ክፍልና በሕክምና ክፍሉ መካከል ዕቃ የሚቀበሉባት ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል ሁሉም ነገር ይሰማል። ጥርስ ሠሪው የለመደውን ጠበቀ፤ መጀመሪያ የሣጥኑ ክዳን ቀጭ ይላል፣ ከዚያ "አፍዎን ይክፈቱ"፣ ከዚያ "ይንከሱ"። ክዳኑ ቀጭ አለ። ቀጥሎ ግን ምንም የለም። ሰዓት ቆጣሪው ሲንቀጫቀጭ፣ ውሃ ከቧንቧ ሲንጠባጠብ፣ ሲስተርም አንድ ጊዜ እንደ ማስነጠስ ስትል ብቻ ተሰማ። ያን ጊዜ ጥርስ ሠሪው ሁለቱ ሣጥኖች ትዝ አሉት። የዘፋኙን ሣጥን ከየት ነበር ያመጣው? ከክሊኒኩ። የሚጣሉ የጥርስ ሣጥኖች አዲስ ሙዚቀኛ እስኪደርቅ ለማስቀመጥ ልክ ስለሆኑ ሁልጊዜ ይዞ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሣጥን እንግዲህ—

"ና እዚህ!" አለ ዶክተሩ።

ዳኛው ወንበሩ ላይ ተለጥጠው፣ አንገታቸው ላይ የወረቀት መሐረብ ታስሮላቸው፣ ጥርስ የሌለው አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጠዋል። መዳፋቸው ላይ ዘፋኙ ቆሟል፤ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እስከ ጆሮው በልቅጦ። ሲስተር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥርስ ሥዕል በጥሞና እያጠናች ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ይሄ ማነው?" አሉ ዳኛው።

ጥርስ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።"

"ምን እያደረግኩ ነው?"

"እየዘፈኑ ነው።"

ዳኛው ዘፋኙን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ ገለበጡት። "ምን እየዘፈንኩ?"

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው የለም። እሱም አስቦበት አያውቅም። "ገና አልተወሰነም" አለ።

ዶክተሩ ሊፈነዳ ደረሰ። ጥርሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚህ ካልመጣ ጋውንህን ሚስማሩ ላይ ሰቅለህ ሂድ አለው። ዳኛው ግን ከወንበሩ ወርደው ኮፍያቸውን ፈለጉ። "የልጅ ልጄ ሠርግ ሰባት ሰዓት ላይ ነው" አሉ። "ያለ ጥርስ ንግግር ማድረግ አልችልም። መኪና አለኝ። ና፣ አብረን እናምጣው።" እንዲህ ብለው የወረቀት መሐረቡን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወጡ። ሲስተር ልትነግራቸው ጣቷን አነሣች፤ ነገር ግን አፏን ብትከፍት ሳቁ እንደሚቀድም አውቃ መልሳ አወረደችው።

ዳኛው ራሳቸው ነዱ፤ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አላለፉም። ዘፋኙን መሪው ፊት ለፊት አቆሙት። ጥርስ ሠሪው ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ፍሪጁ የሚመጣው ስድስት ላይ ነው፣ እንደርሳለን ብሎ ራሱን አጽናና። ግን እህቱ ቀጠሮ ጠብቃ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ቀድማ ነው። ጠረጴዛው ወጥቶ ከሆነ ጥርሱም አብሮ ወጥቷል፤ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይሆናል። ሳያውቀው መንጋጋውን ገጠመ። ዳኛው በመስተዋቱ አዩት። "ጥርስህን አታፋጭ" አሉት። "እኔ ለትምህርት ቤት መዘምራን ተመርጬ ነበር፤ ታውቃለህ? መጀመሪያ ቀን መምህሩ ድምፄን ሰማና አፍህን ክፈት፣ ድምፅ ግን አታውጣ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ሕግ ገባሁ።" መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ወጣች፤ ዘፋኙ ወደቀ፤ ዳኛው አንሥተው አቆሙትና በጉሮሯቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ድምፃቸው በእርግጥም አያምርም ነበር። ሁለተኛው መብራት ላይ ጥርስ ሠሪው ሳያውቀው አብሮ ያንጎራጉር ነበር።

ግቢው ሲደርሱ ፍሪጁ በሩ ላይ ነበር። በሩ አጠገብ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ እንደ ቡሽ ተወትፎ፣ ወደፊትም ወደኋላም እንቢ ብሏል። ሁለቱ ተሸካሚዎች ሌላ ሥራ አለብን ብለው ቀድመው አምጥተውት፣ አሁን አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ላባቸውን ያብሳሉ። እህቱ ፊት ለፊቱ ቆማ በጣቷ ትጠቁመዋለች፣ የሚሰማት ይመስል።

"ለክቼዋለሁ እኮ!" አለች ወንድሟን ስታይ። "ስንዝር ስንዝሩን ለክቼዋለሁ!"

"ምኑን?" አለ።

"ማዕዘኑን ነዋ!"

"በሩንስ?"

እህቱ በሩን አየች፣ ፍሪጁን አየች። ፊቷን አዞረችና ዳኛውን አየች፤ ቀጥላ የአንገታቸውን ወረቀት አየች፤ ሐኪም ይሁኑ በሽተኛ መለየት አልቻለችም። ጥርስ ሠሪው ወደ መስኮቱ ሮጠ። ሚስቱ ከመስኮቱ ፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆማለች። ከኋላዋ ጠረጴዛው እንዳለ ነው፤ ፍሪጁ በሩን ስለዘጋው ማንም ሊያወጣው አልቻለም። "ነጩ ሣጥን" አላት። "ጠረጴዛው ላይ ያለው። የዳኛው ጥርስ ነው። ቶሎ አቀብዪኝ፣ ሠርግ አለባቸው።"

ሚስቱ ሣጥኑን አመጣች። ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረች፦ "አልሰጥም።"

"ምን አልሽ?" አለች እህቱ።

"ጥርሱ እኔ ጋ ይቆያል፣ እትዬ። ጠረጴዛው ይውጣ ወይስ ይቅር፣ ያ ሳይወሰን ከዚህ ቤት ምንም ነገር አይወጣም። ጥርስም ቢሆን።"

ተሸካሚዎቹ ላባቸውን መጥረግ ተዉ። ዳኛው ብቻ ወገባቸውን አቀኑ፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እንዲህ ቀና ብለው አያውቁም። "ጉዳዩ እገዳ አለበት" አሉ። "ወንበር አምጡልኝ።" ወንበር ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ተሸካሚዎቹ የተገለበጠ ባልዲ አመጡላቸው። ዳኛው ባልዲው ላይ ተቀመጡ፣ የወረቀት መሐረቡ ደረታቸው ላይ ተዘርግቶ። "ከሳሽ ማነው?" እህቱ እኔ ነኝ አለች፤ አይደለሁም አለች፤ ደግሞ ነኝ አለች። ፍሪጁን በስጦታ እንዳመጣች፣ ወንድሟን እንደ ልጅ እንዳሳደገችው፣ ሰው ሲስቅበት ማየት እንደማትችል ተናገረች። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እውነቷንም ነበር። ዳኛው አንገታቸውን ነቀነቁ። "ምስክርስ?"

"እኔ ነኝ" አለች ሚስቱ ከብረቱ ጀርባ። አንድ እጇ ብረቱን፣ አንድ እጇ ሣጥኑን ይዟል። "ይህ ጠረጴዛ ሳይመጣ በፊት ጥጥ በጆሮዬ ከትቼ ነበር የምተኛው። ዶክተሩ ቀን የጮኸበትን ሁሉ ማታ አልጋ ላይ ያኝከው ነበር። ወፍጮ ቤት ተከራይቼ የተኛሁ ነበር የሚመስለኝ። ጥርሱን የሰበረ ጊዜ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ቅርንጫፍ የተሰበረ መስሎኝ ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። በሩን ሲዘጋው ብርጭቆ ይወድቅ ነበር። ጎረቤት ሰላም ሲለው እንደ ተሰደበ ነበር የሚያየው። አሁን ያቺን ጥሩምባ ነፊ ከሠራት ጀምሮ፣ ከሥራ ገብቶ አንድ ሰዓት እዚህ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሰው ይሆናል። እንቅልፍ ተኝቼ አድራለሁ። እትዬ፣ ፍሪጁ ያማረ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቢቀርብኝ አልሞትም። ጠረጴዛው ከወጣ እኔንም አብረው ያውጡኝ። የምወጣበት በር ካገኙልኝ።"

አንደኛው ተሸካሚ ሳቁ አመለጠው፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። እህቱ ወደ መስኮቱ ቀረበች። "ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም? ዛሬ ጠዋት ጠይቄሽ የለም?"

"ሲጠይቁኝ መልሱንም አብረው ይነግሩኛል፣ እትዬ።"

ጥርስ ሠሪው ትከሻውን ሰብስቦ የሚከተለውን ቁጣ ጠበቀ። ቁጣው አልመጣም። እህቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እነዚያ አሻንጉሊቶች ውስጥ እኔ አለሁበት?" ብላ ጠየቀች። ሚስቱ ከጠረጴዛው ከበሮ መቺዋን አምጥታ በብረቱ መሐል አሳለፈችላት። እህቱ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ያነሣች፣ ከንፈሯን የነከሰች፣ ከበሮውን ካልሰበርኩ የምትል ትንሽ ሴትዮ። እህቱ ሳታውቀው ከንፈሯን ነክሳ ነበር የምታየው፤ ልክ እንደዚያችው። ይህን ጊዜ ሁለቱም ተሸካሚዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"ዝም በሉ፣ ችሎት ነው!" አሉ ዳኛው፤ የእሳቸውም ከንፈር ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። "ተወስኗል። ጠረጴዛው ባለበት ይጽና። ፍሪጁ ደግሞ አቋሙን ራሱ ግልጽ አድርጓል፤ አልገባም ብሏል። በረንዳው ላይ ይቁም።"

"ዝናቡስ?" አለች እህቱ።

"ዝናቡ በችሎቱ ፊት አልቀረበም።"

"እሺ፣ ቆርቆሮውን እኔ አስመታለሁ" አለች እህቱ። ከበሮ መቺዋን አልመለሰችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ቀጥሎ ተሸካሚዎቹን፣ "ምን ትስቃላችሁ? ጎትቱት እንጂ!" አለቻቸው፤ ራሷም ከእነሱ ጋር ፍሪጁን አቅፋ ጎተተች።

ጥርስ ሠሪው ሣጥኑን ሊቀበል እጁን በብረቱ መሐል አስገባ። ሚስቱ አልለቀቀችውም፤ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። "ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ ነበር" አለች። "አንዱን ጉንጭህን አልተላጨህም።" ጉንጩን ዳሰሰ። አውቶቡሱ ትዝ አለው፤ ያቺ ሴት፣ ሻርፑ፣ እሱ መልሶ የሰጣት የትህትና ፈገግታ። "በዚህ ፊት ነው ሰውን ሰላም ስል የዋልኩት?" አለ። ያን ጊዜ ሚስቱ ሳቀች። ሳቁ ሲመጣባት እጇን ልታነሣ ፈለገች፤ አንዱ እጇ ብረቱን ይዟል፣ በሌላው እጇ ላይ የዳኛ ጥርስ አለ። የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም። በሙሉ አፏ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ፣ ጉሮሮዋ እስኪታይ ሳቀች። ጥርስ ሠሪው ፈዞ ቀረ። ከላይ በኩል፣ በስተቀኝ፣ አንዷ ጥርስ ጎረቤቷ ላይ ዘመም ብላለች፤ ጆሮዋ ላይ ምሥጢር እንደምትነግራት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህቺን ጥርስ አላያትም ነበር።

ዳኛው ጥርሳቸውን አጥልቀው ሁለት ጊዜ አጋጩ፤ ልክ ነው። ዶክተሩ ዘንድ ደውለው ጥርሱ መገኘቱን፣ ባለሙያው ጉዳይ ስላለበት ዛሬ እንደማይመለስ ነገሩት። ዶክተሩ ከወዲያ ምን እንዳለ አልታወቀም፤ ዳኛው ጆሯቸውን ከስልኩ ራቅ አድርገው ጥቂት ጠበቁና፣ "ጥሩ፣ ተስማምተናል ማለት ነው" ብለው ዘጉት። ሊሄዱ ሲሉ ግን ቆም አሉ። "ዘፋኙን ልወስደው?" አሉ፤ እንደ ልጅ ነበር የጠየቁት። "ንግግር ይናገራሉ ብለው ይጠብቁኛል። ንግግሩን ብተወውስ? ምን ያደርጉኛል?" ጥርስ ሠሪው ይውሰዱት አለ። እህቱ ከፍሪጁ ጀርባ ብቅ ብላ፣ "አባቴ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ወረቀት—" ብላ ጮኸች። ዳኛው ግን መኪናቸውን አስነሥተው፣ በአዲሱ ጥርሳቸው፣ አፋቸውን እስከ ጆሯቸው ከፍተው፣ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየዘፈኑ ወጥተው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ፍሪጁ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ እህቱ ቆርቆሮ መቺ ፍለጋ ሄዳለች። ጥርስ ሠሪው ሁለተኛውን ጉንጩን ተላጭቶ መጥቶ ተቀመጠና አንድ ቁራጭ ሰም እሳት ላይ አለሰለሰ። ሚስቱ ከጎኑ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከዚህ በፊት እዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

"እኔን ነው?" አለች።

"አንቺን ነው።"

"ምን ታስይዘኛለህ? ከበሮ አልፈልግም፣ ከእትዬ ጋር አልጣላም።"

"ምንም አትይዢም" አላት። "አንቺ ከፊት ነሽ። ዘፋኙን ዳኛው ወስደውታል።"

ሚስቱ ሳቅ መጣባት። እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ጭኗ ላይ ዐረፈ። ጥርስ ሠሪው ሰሙን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና፣ በየቀኑ ከክሊኒኩ ትንሽ መስኮት በኩል የሚሰማውን ቃል፣ እሱ ግን ለማንም ብሎት የማያውቀውን፣ ተናገረ።

"አፍሽን ክፈቺ።"